የሰሜንን ብርሃን ከመስታወት ጎጆ ለማየት ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፊንላንድ ላፕላንድ፣ በሳሪሴልካ መንደር አቅራቢያ፣ የሰሜንን ብርሃን፣ ማለትም ሌሊት በሰማይ ላይ የሚወዛወዘውን ባለ ቀለም ብርሃን፣ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ጣሪያቸው መስታወት በሆነ ጎጆዎች ስቀበል ስድስት የበረዶ ወቅቶች አሳልፌያለሁ። ቦታው ከዋልታ ክበብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የገባ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከጀርመን፣ ከስዊድንና ከአሜሪካ የመጡ ወገኖቼንም አስተናግጃለሁ። አዝነው ከተመለሱት መካከል ብዙዎቹ ከቤታቸው ሳይነሡ በፊት በወሰኑት ነገር የተጎዱ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ለአንድ ሌሊት ብቻ መያዝ ነው። በየዓመቱ አየዋለሁ፣ በየዓመቱም ያሳዝነኛል። ሰው ዓመት ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ከሄልሲንኪ እስከ ኢቫሎ ይበራል፣ ለአንድ አዳር በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ይከፍላል፤ ያቺ ሌሊት ደመናማ ከሆነች ግን መስታወቱ የሚያሳየው ደመናውን ብቻ ነው። ብርሃኑ የሚፈጠረው ከፀሐይ የሚነሡ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ተከትለው ወርደው ከአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ ሲሆን፣ ይህም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከምድር 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ነው። ደመና ግን በዚያ አገር ከ10 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ላይ ያለው ብርሃን የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ወፍራም ደመና ሥር ለተኛ ሰው አይታየውም። በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ በምትገኘው በኪልፒስያርቪ፣ በጨለማው ወራት ብርሃኑ ከአራት ሌሊት በሦስቱ ያህል እንደሚከሰት የረጅም ጊዜ ምልከታ ያሳያል። የሚጎድለው ብርሃኑ ሳይሆን ጥርት ያለ ሰማይ ነውና ቢያንስ 3፣ ቢቻል 4 ሌሊት ይያዙ። ዋጋው ከከበደ አንዱን ሌሊት በመስታወቱ ጎጆ፣ የቀሩትን በአቅራቢያው በሚገኝ ተራ የእንጨት ቤት ማሳለፍ ይቻላል፤ ብርሃኑ ከሁለቱም በላይ ያው ነው።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት መናገር አለብኝ። በመጀመሪያው ዓመቴ ከልጃቸው ጋር ከጀርመን ለመጡ አንዲት እናት፣ ደመናውን ሳላይ የፀሐይን እንቅስቃሴ ትንበያ ብቻ አይቼ «ዛሬ ያለ ጥርጥር ያያሉ» አልኳቸው። እርሳቸውም ቃሌን አምነው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አልጋው ላይ እንደተቀመጡ አነጉ። ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል አደረ። ጠዋት ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ «ልጄ፣ ሰማይ በሰው ቃል አይታዘዝም፤ አንተም አትዘን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም እንግዳ ተስፋውን ቃል አድርጌ ሰጥቼ አላውቅም፤ እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርዎ አስተናጋጅ ካገኙም አይመኑት።

ወቅቱን በተመለከተ ብዙዎች የፈረንጆችን ገና አስበው በታኅሣሥ ይመጣሉ። ሌሊቱ ረጅም መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኅዳርና ታኅሣሥ በላፕላንድ ደመና የሚበዛባቸው ወራት ናቸው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመስከረምና በመጋቢት ግን የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ከፀሐይ ለሚመጡት ቅንጣቶች ፍሰት ይበልጥ የተጋለጠ ስለሚሆን ብርሃኑ ይዘወተራል። በመስከረም ሐይቆቹ ገና በረዶ ስላልሆኑ ብርሃኑ በውኃው ላይ ሁለተኛ ሆኖ ይታያል፤ በመጋቢት ደግሞ በረዶው ሳይቀልጥ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ይጠራል። ከሚያዝያ መገባደጃ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ሌሊቱ በቅጡ ስለማይጨልም ለዚህ ጉዳይ መምጣት ገንዘብ ማባከን ነው። የፀሐይ እንቅስቃሴ የሚበረታበትና የሚቀንስበት የ11 ዓመት ዑደት በፈረንጆቹ 2024 ወደ ከፍተኛው ደረጃ መድረሱን የሰሙ ሰዎች ያመለጣቸው እየመሰላቸው ይቸኩላሉ፤ ላፕላንድ ግን በዋልታው ዙሪያ ብርሃኑ ከሚዘወተርበት ቀለበት ሥር ስለምትገኝ ፀሐይ ረጋ ባለችባቸው ዓመታትም አትነፈግም።

ጎጆው ውስጥ መብራት ማብራት ሌላው ስህተት ነው። አንድ ሌሊት ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ሲወዛወዝ በጎጆዎቹ መካከል እየዞርኩ ነበር፤ በአንደኛው ውስጥ አንድ ቤተሰብ መብራት አብርቶ ስልኩን ይነካካል። የውስጡ ብርሃን ሲንጸባረቅ መስታወቱ የራሳቸውን ፊት ብቻ ያሳያቸው ስለነበር፣ በሩን እስካንኳኳ ድረስ ምንም አላወቁም። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንዲት የስልክ መልእክት ያንን ሁሉ ታፈርሰዋለች።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ስህተት አለ። ብርሃኑ ሲጀምር ብዙ ጊዜ በፎቶግራፍ እንደምናየው አይደለም፤ በሰሜን በኩል የተዘረጋ አመድማ መቀነት ይመስላል፤ ዓይናችን በጨለማ ቀለም የመለየት አቅሙ ደካማ ነውና። «ጉም ነው» ብለው የሚተኙ ብዙ ናቸው። ስልክዎን በሌሊት ፎቶ ማንሻው (night mode) ላይ አድርገው ለ3 ሰከንድ ያህል ሳያንቀሳቅሱ ፎቶ ያንሡ፤ መቀነቱ አረንጓዴ ከሆነ አይተኙ።

ከ0 እስከ 9 የሚለካውን የመግነጢሳዊ ነውጥ ቁጥር አይተው «2 ብቻ ነው» ብለው ተስፋ የሚቆርጡም አሉ። ያ ቁጥር የሚያሳስበው በርሊን ላለ ሰው ነው፤ በዚህ ሰማዩ ከጠራ 1 ወይም 2 ይበቃል። ስለዚህ አስቀድመው የፊንላንድ ሜትሮሎጂ ተቋምን የደመና ትንበያ ይመልከቱ።

እርጥብ ልብስ ጎጆው ውስጥ አያስጡ፤ እንፋሎቱ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። ጎጆዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ትልቁን ሻንጣ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ይተዉት። ላብ የያዘ ጥጥ ስለሚያቀዘቅዝ ከሥር ሱፍ ይልበሱ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሸንገን ቪዛውን ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት ስለሚችል፣ ቪዛው እስኪወጣ ገንዘቡ የሚመለስለትን ማረፊያ ይምረጥ።

የሰዓት አቆጣጠራችንም ያሳስታል። ብርሃኑ በብዛት የሚታየው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አንድ አባት «4 ሰዓት ላይ ቀስቅሱኝ» ብለው አስተርጉመው፣ ተረኛው 4 ብሎ ስለጻፈው በእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተቀሰቀሱ፤ ብርሃኑ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሳይሞላ አብቅቶ ነበር። ሰዓቱን «22» ብለው በጽሑፍ ይስጡ፤ ጎጆው ብርሃኑ ሲታይ የሚቀሰቅስ ደወል ካለውም አያጥፉት።

በመጨረሻም አልጋ ላይ እንደተጋደሙ መቅረት አለ። ጣሪያው የሚያሳየው የሰማዩን ቁራጭ ነው፤ ዛፍና የጎረቤት ጎጆም ይጋርዱታል። ብርሃኑ ደምቆ የሚፈነዳበት ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ውጭው ደግሞ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሆኖ ሊጠብቅዎ ስለሚችል ልብስ ሲፈልጉ ያመልጥዎታል። ስለዚህ ከመተኛትዎ በፊት የሱፍ ካልሲውን፣ ወፍራሙን ሱሪና ካፖርት፣ ኮፍያውንና ጓንቱን በሚለበሱበት ቅደም ተከተል ከአልጋው አጠገብ ይደርድሩ፤ ጫማውንም ማሰሪያውን አላልተው በሩ ሥር ያቁሙት።