ጦስኝን ሳያጠፉ በጋራ መሸጥ፦ ለሰሜን ሸዋ ወረዳዎችና ለጎረቤቶቻቸው የተዘጋጀ መመሪያ

ጦስኝ ከአንዱ ቀበሌ ተራራ ተለቅሞ፣ በሌላው ወረዳ ገበያ ተሸጦ፣ አዲስ አበባ ታሽጎ ለሻይ ይቀርባል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ስለ ተራራው የሚጠየቅ ሰው የለም። አንድ ቀበሌ ብቻውን «ከነሥሩ አትንቀሉ» ብሎ ቢከለክል ነጋዴው ወደ ማዶው ቀበሌ ይሻገራል፤ ከልካዩ ገቢውን ያጣል፣ የማዶው ተራራ ደግሞ ቶሎ ይራቆታል። ስለዚህ ጦስኝን በዘላቂነት ለመነገድ የሚፈልግ ማኅበር ከማድረቂያና ከማሸጊያ አስቀድሞ ሊያዘጋጅ የሚገባው ከጎረቤቶቹ ጋር የሚገባውን ስምምነት ነው። ይህ መመሪያ ስምምነቱ እንዴት እንደሚጀመር፣ ምን ምን እንደሚይዝና ከወረዳ አልፎ ወደ ጎረቤት ክልልና አገር እንዴት እንደሚሰፋ ያስረዳል።

ጦስኝን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ተክሉ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ነው፤ በጣርማ በር፣ በመንዝና በአንኮበር ከፍታዎች እንደሚገኝ ሁሉ በወሎ፣ በጎንደርና በባሌ ደጋዎችም ይገኛል። ሽታውን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉት የዘይት ንጥረ ነገሮች በሌላው ዓለም ገበያም የሚፈለጉ ናቸው። ለመልቀም መሬት ወይም ጥማድ በሬ ስለማይጠይቅም መሬት የሌላቸው ወጣቶችና ሴቶች ቶሎ ገንዘብ ሊያገኙበት ይችላሉ። ይሁንና ለሁሉም ክፍት መሆኑ ራሱ ለጥፋት ያጋልጠዋል።

የጓሳ አርአያነት

መንዝ የጋራ ጥበቃን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በመንዝ ጌራ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አስተዳደር ተጠብቆ የኖረ ሲሆን፣ የአስቦና የጌራ ወገኖች ሜዳውን ተካፍለው፣ አለቆችን መርጠው፣ ሣሩ እንዲያገግም ሲባል ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር። የሚከፈተው ሣሩ መድረሱ ከታየ በኋላ በበጋው ወራት ነበር፤ አዋጁ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገር ነበር፤ ክረምቱ ሲጠናም በሐምሌ 5፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ሜዳው ተመልሶ ይዘጋ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ከነባሩ የርስት ይዞታ ጋር አብሮ ቢያናጋውም፣ በኋላ የየቀበሌው ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ጥበቃውን ተረክቦ ቀጥሏል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በጓሳ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ታሪክ ለጦስኝ የሚወሰደው ሦስት ነገር ነው፦ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ በግልጽ መታወቁ፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን መለየቱ፣ ይህም ሁሉ ሰው በሚሰማበት ቦታ መታወጁ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ተራራ ላይ የሚውለው እረኛ አያየውም።

ማን ይጠራ?

ለመጀመሪያው ስብሰባ ተራራ የሚጋሩ ቀበሌዎችን ብቻ ይጥሩ። ለምሳሌ ከጣርማ በርና ከመንዝ ማማ ምድር ወረዳዎች የሚዋሰኑትን ሁለት ወይም ሦስት ቀበሌዎች መምረጥ ዞኑን በሙሉ ከመጥራት ይሻላል፤ ትልቅ ስብሰባ ብዙ ንግግር እንጂ ጥቂት ውሳኔ ነው የሚያስገኘው። ከየቀበሌው ሽማግሌዎች፣ የቅሬ (የእድር) ዳኞች፣ እረኞች፣ ንብ አናቢዎችና በተለይም ራሳቸው የሚለቅሙት ሴቶች ይገኙ። ከወረዳዎቹ የግብርናና የኅብረት ሥራ ባለሙያዎች ይታደሙ። ጦስኝ የሚገዙት ነጋዴዎችም አብረው መጠራት አለባቸው፤ ያለ እነርሱ የሚወጣ ደንብ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ይፈርሳል።

በስብሰባው ላይ አስቀድሞ የሚሠራው ካርታ ነው። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ለቃሚዎቹ የሚያውቋቸውን ተራሮች በስማቸው እየጠሩ በትልቅ ወረቀት ላይ ይሣሉ፤ ጦስኝ ዛሬ የት እንዳለ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት የት እንደነበረ ለይተው ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል የሚታየው ልዩነት ለስምምነቱ አስፈላጊነት ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ይመሰክራል።

የአቆራረጥ ደንብ

ጦስኝ ከነሥሩ ሲነቀል ከረጢቱ በፍጥነት ይሞላል፤ ሥሩና አፈሩ ሚዛን ስለሚጨምሩም ለቃሚው የተጠቀመ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ግን በዚያ ቦታ የሚቆረጥ የለም፤ ቦታው ተዳፋት ከሆነም አፈሩ በጎርፍ ይሄዳል። ስለዚህ የስምምነቱ የመጀመሪያ አንቀጽ በማጭድ ወይም በመቀስ የተቆረጠ፣ ሥር የሌለበት ጦስኝ ብቻ እንዲገዛ የሚደነግግ ይሁን። ክልከላው በለቃሚው ላይ ብቻ ሳይሆን በገዢው ላይ እንዲጣል አጥብቄ እመክራለሁ፤ በተራራ ላይ የተበተኑ ለቃሚዎችን መቆጣጠር አስቸጋሪ ሲሆን፣ በሚዛን አጠገብ የሚቆመውን ገዢ መቆጣጠር ግን ይቻላል።

ሁለተኛው አንቀጽ ጊዜን ይመለከታል፤ እዚህ ላይ እውነተኛ የጥቅም ግጭት አለ። ገዢዎች የሚወዱት ጦስኙ ሲያብብ የተቆረጠውን ነው፤ ሽታው በዚያን ጊዜ ይጠነክራል። ያ አበባ ግን የንቦቹ ቀለብ ነው፤ ንብ አናቢው የሚጠብቀው ማር ከእርሱ ይገኛል። በዚያ ላይ ያበበው ሁሉ ከተቆረጠ ዘር የሚያፈራ አይቀርም። ለዚህ የሚሆነው መፍትሔ ተራራውን ለሦስት መክፈል ነው፦ በአንድ ዓመት አንዱ ሢሶ ብቻ በአበባው ጊዜ ይቆረጣል፤ ሁለቱ ሢሶዎች አብበው፣ ንብ ቀስመውላቸው፣ ዘራቸውን እንዲጥሉ ይተዋሉ። በቀጣዩ ዓመት ተራው ይዞራል። በሚቆረጠው ሢሶ ውስጥም ቢሆን ከአንድ ቁጥቋጦ ከግማሽ በላይ እንዳይወሰድ፣ እንጨት የሆነው የታችኛው ክፍል እንዳይነካ በደንቡ ይጻፍ።

ይህ መጠን መነሻ እንጂ የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ትክክል መሆኑን ለማወቅ በየሢሶው ዐሥር ሜትር በዐሥር ሜትር የሆነ ቦታ በድንጋይ ከልለው ፈጽሞ ሳይቆረጥ ይተዉት፤ በየዓመቱ በተመሳሳይ ቀን ከአንድ ቦታ ቆመው በስልክ ፎቶ ያንሡት፤ ከአጠገቡ ከተቆረጠው ጋር ያነጻጽሩት። የተቆረጠው ከሳሳ መጠኑ ይቀነስ። ይህን ሥራ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች በቀላሉ ያከናውኑታል፤ ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ዕገዛ መጠየቅም ይቻላል። ጦስኝን ከሥሩ ከፍሎ ወይም ከቅርንጫፉ ቆርጦ በጓሮ ማባዛት ስለሚቻል፣ ስለ ማባዛቱና ስለ ዘይቱ አወጣጥ በመዓዛማ ተክሎች ላይ የሚሠራውን የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይጠቅማል።

አንድ ጥራት፣ አንድ ሚዛን

የተቆረጠው ጦስኝ በዚያው ቀን በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ሳስቶ ይዘርጋ። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ቀለሙ ይነጣል፣ ሽታውም ይጠፋል። ጭስ ያለበት ቤት፣ ከብት የሚያድርበት ጋጥ አጠገብና መሬት ላይ ፈጽሞ አይደረቅ። እንጨቱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርቋል ማለት ነው፤ ከዚያ በወንፊት ተነፍቶ በንጹሕ ጆንያ ይቀመጥ። የዩሪያና የዳፕ ከረጢት በየቤቱ ስለሚገኝ ለዚህ ሥራ ማዋሉ ይቀናል፤ ነገር ግን የማዳበሪያ ቅሪት ያለበት አንድ ከረጢት የብዙ ሰው ልፋት ያለበትን ጭነት ሊያስመልስ ይችላል። በየጆንያው ላይ የቀበሌው ስም፣ የተቆረጠበት ቀንና የተራራው ስም ይጻፍ።

ዋጋ ከመተመኑ በፊት ዐሥር ኪሎ እርጥብ ጦስኝ መዝነው፣ አድርቀው፣ አንፍሰው እንደገና ይመዝኑ። ስንት ኪሎ እንደሚቀር ሳያውቁ በእርጥብ ዋጋ የሚዋዋሉ ማኅበራት ይከስራሉ። ስምምነት ላይ የደረሱት ቀበሌዎች ሁሉ ይህን አንድ ስሌትና አንድ ዝቅተኛ ዋጋ ይያዙ። የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የኮዴክስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ለደረቅ ታይም፣ ማለትም ለጦስኝ ዘመድ፣ ደረጃ ስላወጣ ትላልቅ ገዢዎች ስለ ባዕድ ነገርና ስለ እርጥበት ሲጠይቁ ምን እንደሚሉ አስቀድሞ ከእርሱ መረዳት ይቻላል።

ከዞኑ ወደ ውጭ

የደጋና የቆላ ንግድ በዚህ አካባቢ የቆየ ነው። አልዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋን ደጋ ከአፋር ጨውና ከባሕር ዳርቻው ጋር ያገናኝ የነበረ ገበያ ነው፤ በሰንበቴ ገበያም አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ዛሬም ይገናኛሉ። እነዚህ ገበያዎች ለደረቅ ጦስኝ የመጀመሪያ የሙከራ ቦታ ሊሆኑ ይችላሉ። ከወሎ፣ ከጎንደርና ከባሌ ለቃሚዎች ጋር የሚደረገው ትብብር ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እነርሱ ያንኑ ምርት የሚያቀርቡ ስለሆኑ ያለ ስምምነት ተፎካካሪ፣ በስምምነት ግን አጋር ይሆናሉ። አንድ የአቆራረጥ ደንብና አንድ የጥራት መለኪያ ከያዙ፣ አንዱ አካባቢ ለብቻው ሊያሟላው የማይችለውን ትእዛዝ በጋራ ያሟላሉ፤ የምርመራና የምዝገባ ወጪንም ይካፈላሉ።

የወጪ መካፈል ጥቅም በደቡባዊ አፍሪካ ታይቷል። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የዱር ፍሬ አምራቾችን ያስተባበረ አንድ ማኅበር የባኦባብ ፍሬ ዱቄት በአውሮፓ ኅብረት ለምግብነት እንዲፈቀድ አመልክቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈቃዱን አስገኝቷል። ለአንድ መንደር ማኅበር ይህ የማይታሰብ ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ሕግ ከሌላ አገር ለሚመጣ አዲስ ባህላዊ ምግብ ቢያንስ የ25 ዓመት የአጠቃቀም ታሪክ ማስረጃ ስለሚጠይቅ፣ ጦስኝ በየቤቱ ለሻይና ለቅመም እንደዋለ የሚያስረዱ የሽማግሌዎች ቃሎችና ጽሑፎች ከአሁኑ ተሰብስበው ቢቀመጡ መልካም ነው።

በአፍሪካ ውስጥ ለመሸጥ የሚያስብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ሥራ ላይ የዋለውን የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ይመልከት። በአገር ውስጥ በቅሎ የተሰበሰበ ተክል ሙሉ በሙሉ የዚያ አገር ምርት ተብሎ ስለሚቆጠር የንጹሕ ጦስኝ ትውልድ አገር በቀላሉ ይረጋገጣል፤ ከውጭ ከመጣ ሻይ ወይም ቅመም ጋር ከተቀላቀለ ግን ሌላ ስሌት ይከተላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳይቀላቅሉ መሸጥን እመርጣለሁ። የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀትም ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ይጠየቅ።

ሕጉ የት ላይ ይገባል?

የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን፣ ማለትም ሀብቱንና ዕውቀቱን የማግኘት ፈቃድን፣ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለቀጥታ ፍጆታ የሚሸጥን ምርት አይመለከትም፤ ስለዚህ ደረቅ ጦስኝ ለሻይ መሸጥ በዚህ አዋጅ ፈቃድ አይጠይቅም። ገዢው ዘሩን፣ ችግኙን ወይም ለምርምር የሚሆን ናሙና ከጠየቀ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ያኔ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የማኅበረሰቡ ዕውቀትም ከተጠየቀ የማኅበረሰቡ አስቀድሞ የተሰጠ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ከሀብቱ አጠቃቀም ለመንግሥት ከሚገኘው የገንዘብ ጥቅም ማኅበረሰቡ 50 በመቶ የማግኘት መብት አለው። በጤፍ ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይገባል፦ እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ከተገባ በኋላ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ መብት ተመዘገበ፤ የሆላንድ ፍርድ ቤት መብቱን ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ የጎረቤታሞቹ ስምምነት ማንም ቀበሌ ለብቻው ዘር ወይም ችግኝ ለውጭ ሰው እንዳይሰጥ የሚል አንቀጽ ይኑረው።

ከጦስኝ አልፎ የዛፍ ቅርፊት ለመሸጥ የሚያስቡ ማኅበራት የበለጠ ይጠንቀቁ። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ የዱር እንስሳትና ተክሎች ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት በሆነው በሳይተስ ዝርዝር 2 ውስጥ ስላለ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም።

ስለ ገንዘብ ክፍፍል የደቡብ አፍሪካን ሩይቦስ ሻይ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተፈረመ ስምምነት ከምርቱ የእርሻ ላይ ዋጋ 1.5 በመቶው ዕውቀቱ ለመነጨባቸው የኮይና የሳን ሕዝቦች እንዲከፈል ተወስኗል። እኛም ከእያንዳንዱ የተሸጠ ኪሎ ጥቂት ሳንቲም በሚዛኑ ላይ ቀንሰን ለተራራው ጥበቃ በጋራ ሣጥን ብናስቀምጥ፣ የጠባቂዎች አበልና የችግኝ ወጪ ከዚያ ይሸፈናል። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹም በሦስት ቀበሌዎች ሰዎች እጅ ይሁኑ፤ ሒሳቡ በየዓመቱ በቅሬው ፊት ይነበብ።

ጦስኝ የሚያብበው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ የመጀመሪያው ስብሰባ በግንቦት ቢጠራ፣ ካርታውና ደንቡ በሰኔ ቢያልቅ፣ በዚያ ዓመት የሚዘጉት ሁለት ሢሶዎች ስማቸው ተጠርቶ በሐምሌ 5 በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በቀጣዩ ገበያ ሊታወጅ ይችላል።