ከአንድ የወሎ ገበሬ ማሳ የወጣ ቅመም እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይቀመጣል?

በርበሬ አንዴ ከተፈጨ ከማን ማሳ እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ነጋዴው ከብዙ ቤት ይሰበስባል፤ ደህናውም የሻገተውም አብሮ ይፈጫል። የጡብ ዱቄት የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ የሚል ዜናም ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ዛላውን ከገበሬው እጅ ግዙ፤ ማስፈጨቱን ለራሳችሁ ያዙት።

መጀመሪያ የወሎን ቅመም ለዩ። በርበሬ፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላል፣ አብሽና ነጭ ሽንኩርት እዚሁ ይበቅላሉ። ጦስኝ ከደጋው ይመጣል። ኮረሪማ፣ ጥምዝና እርድ ግን የደቡብ ምዕራቡ ዝናባማ አገር ሀብት ናቸው። «ኮረሪማው የጓሮዬ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉት።

በክረምት ዝናብ የበቀለ በርበሬ ቀልቶ የሚደርቀው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ መግዣውም ያኔ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ውጡ። ደገኛውም ቆለኛውም አፋሩም እዚያ ይገናኛል። የወደዳችሁትን ቅመም የያዘውን ገበሬ ተዋወቁትና ማሳውን ለማየት ቀጠሮ ያዙ። «አብሽር፣ ና!» ካለ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

ማሳው ላይ «ኬሚካል ይጠቀማሉ?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ «ኧረ የለም» ነው፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ይልቅ «አያ፣ አምና እዚህ ምን ዘርተው ነበር?» በሉ። ሽምብራ ወይም ባቄላ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይሰጣሉ። «መሬቱን በምን ያዳብሩታል?» በፍግ ካሉ፣ ክምሩ ከጓሮ ይታያል። ዙሪያውንም ቃኙ። አጠገቡ ጫት ወይም ቲማቲም ካለ የጎረቤት ርጭት በነፋስ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ጎተራውን ነው፦ ማሳው ንጹህ ሆኖ እህሉ ጋ የነቀዝ ክኒን የሚቀመጥ ከሆነ፣ ቅመሙ የት እንደሚያድር ጠይቁ።

ያለ ኬሚካል መመረቱን የሚያረጋግጠው የኦርጋኒክ ሰርተፍኬት ገንዘብ ይጠይቃል። ጥቂት ጥማድ መሬት ላለው ቤተሰብ ዋጋው አይቀመስም። ወረቀት የለውም ብላችሁ ጥሩ ገበሬ አትተዉ። እናንተም ለሌላ ስትሰጡ «ሰርተፍኬት ያለው» አትበሉ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ማድረቁ እንሂድ። ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ አፈርና እርጥበት ይይዛል። እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። ማመሱም መፍጨቱም አያጠፋውም። ስለዚህ ሸራ ወይም ሰሌን ላይ፣ ቢቻል ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ የደረቀውን ምረጡ። ዛላውን ጆሯችሁ ጋ አወዛውዙት፤ ፍሬው መንኳኳት አለበት። ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት፤ ከተጣጠፈ አልደረቀም፣ ወይም ክብደት እንዲጨምር ውሃ ተረጭቶበታል። ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ አትመልከቱ። እጃችሁን ወደ ታች ሰድዳችሁ አውጡና ሰንጥቃችሁ እዩ። ውስጡ ግራጫ ብናኝ ከያዘ ጆንያውን ተዉት። ዋጋ ቢቀንስላችሁም ተዉት።

አዝሙድና ድንብላል ቀላል ናቸው። በመዳፍ አሽታችሁ አሽትቱ። ሽታው ወዲያው ካልመጣ ከርሟል ማለት ነው።

ቤት ስትገቡ ዛላውን ቀንጥሱ፣ የተበላሸውን ልቀሙ፣ አንዴ ፀሐይ አስመቱት። ሁሉንም በአንዴ አታስፈጩ። የተፈጨ ቅመም ሽታውን ቶሎ ይለቃል፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር የሚበቃችሁን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ወፍጮ ቤት ግን ተጠንቀቁ፤ ይህን ሁሉ ደክማችሁ ድብልቁ እዚያ ሊመለስ ይችላል። ከእናንተ በፊት ሽሮ ካስፈጩ ትርፍራፊው ወፍጮው ውስጥ አለ። መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ እፍኝ ለብቻ አስቀሩት። ሥራው እስኪያልቅም ከአጠገቡ አትራቁ። ደግሞ ማስክ አድርጉ፤ የሚያስነጥሰው እናንተንም ነው!

ያልተፈጨውን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ፣ ከብርሃንና ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አኑሩ። ላዩ ላይ ቀበሌውን፣ የገበሬውን ስምና የገዛችሁበትን ወር ጻፉ። የሁለት ሰው በርበሬ ካላችሁ በአንድ ዕቃ አትገልብጡ። የወደዳችሁትን ለይታችሁ ለከርሞ ከመስከረም በፊት ለገበሬው ደውሉ፤ ቀብድ ከሰጣችሁ ለነጋዴ ሳይሸጥ ያቆይላችኋል።