ከቢጂፒ ጎረቤት የሚጠበቅ መንገድ ሲጠፋ በቅድሚያ የፕሪፊክስ ሊስቱን ይመርምሩ

በሲስኮ ራውተር ላይ የቢጂፒ (ራውተሮች የኔትወርክ መንገዶችን የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል) ግንኙነቱ እንደተመሠረተ ሆኖ ከጎረቤት ራውተር የሚጠበቅ መንገድ ብቻ ሳይታይ ከቀረ፣ ገቢ መንገዶችን የሚያጣራውን ፕሪፊክስ ሊስት (የሚፈቀዱና የሚከለከሉ ፕሪፊክሶች፣ ማለትም የአድራሻ ክልሎች ዝርዝር) መስመር በመስመር ማንበብ ይገባል። 10.0.0.0/8ን የሚፈቅድ መስመር ያለ ተጨማሪ ቃል ከተጻፈ፣ የሚያሳልፈው ርዝመቱ በትክክል 8 ቢት የሆነውን ፕሪፊክስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 10.1.0.0/16 በዚያው የአድራሻ ክልል ውስጥ ቢሆንም ከመስመሩ ጋር ስለማይገጥም፣ በሊስቱ መጨረሻ ላይ ሳይጻፍ የሚሠራው የክልከላ ደንብ ይጥለዋል። እስከ 24 ቢት ርዝመት ያላቸውን ሁሉ ለመቀበል በመስመሩ መጨረሻ «ኤልኢ 24» (le 24፣ ማለትም 24 ወይም ከዚያ ያነሰ) መጨመር ያስፈልጋል። መስመሮቹ በተራ ቁጥራቸው እንደሚነበቡና መጀመሪያ የገጠመው እንደሚወስንም አይዘንጋ።

ማስተካከያው ቀደም ሲል በተጣሉት መንገዶች ላይ ወዲያውኑ ላይታይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ግንኙነቱን ሙሉ በሙሉ አቋርጦ እንደገና ማስጀመር፣ በሥራ ላይ ባለ ኔትወርክ ተጠቃሚዎችን ያለ አግባብ ስለሚጎዳ ፈጽሞ አልመክረውም። ሁለቱ ራውተሮች በአርኤፍሲ 2918 (የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ) የተደነገገውን ራውት ሪፍሬሽ (መንገዶች እንደገና እንዲላኩ የመጠየቅ ችሎታ) የሚደግፉ ከሆነ፣ ገቢ መንገዶችን ብቻ በሶፍት ክሊር ትእዛዝ ማደስ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ጎረቤቱ መንገዶቹን እንደገና እንዲልክ ያደርጋል።