ያረጀ አዳፕቲቭ ሰስፔንሽን፦ ችግሩን ለይቶ ማወቂያ

አዳፕቲቭ ሰስፔንሽን አሞርዛተሮቹ በኮምፒውተር እየታዘዙ የሚጠነክሩና የሚለሰልሱበት ነው። የዳሽቦርድ መብራት አልበራም ማለት አሞርዛተሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚከታተለው ኤሌክትሪኩን ነው፤ አሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ሲያልቅ አያውቅም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በዓይንና በእጅ ይጀምሩ። አሞርዛተሩ ላይ ስስ ወዝ ቢኖር ብዙም አያሳስብም፤ ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ አቧራ ይዞ ከተጋገረ ግን ዘይቱን የሚያግደው ጎማ (ሲል) አልቋል። ጎማውን ዙሪያውን ይዳብሱ፦ እብጥ ስርጉድ እያለ ከተበላ መሬት በደንብ አልያዘም።

በኮምፎርት (ለስላሳ) እና በስፖርት (ጠንካራ) የመንዳት ምርጫዎች መካከል ልዩነት ካልተሰማዎት ሞተሩን አጥፍተው የአሞርዛተሩን ሶኬት ይንቀሉ። መጀመሪያ ዝገት ይፈልጉ። ከዚያ የዘይቱን ፍሰት የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሪክ ቫልቭ ኦም በመልቲሜትር ለክተው ከሌላው ጎን ጋር ያነጻጽሩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኦም ነው፤ መልቲሜትሩ መስመሩ እንደተቋረጠ (OL) ካሳየ የቫልቩ ጥቅል ሽቦ (ኮይል) ተበጥሷል።

የአየር ሰስፔንሽን ከሆነ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል ለክተው መኪናውን ያሳድሩት። ጠዋት አንዱ ጥግ ከወረደ አየር ያፈሳል፤ የሳሙና ውሃ ሲረጩ አረፋው ቀዳዳውን ያሳያል። ፍሳሹን ሳይደፍኑ ኮምፕሬሰር አይቀይሩ፤ አዲሱም ያለ ዕረፍት ሠርቶ ይቃጠላል። ከመኪናው ሥር ከመግባትዎ በፊት መኪናውን በካቫሌቶ (በማስደገፊያ ብረት) ያስደግፉ። አሞርዛተር ሲቀይሩ የአንዱን አክስል ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ።