ለዩኤስቢ መሣሪያ ድራይቨር ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ ከሁሉ በላይ ጊዜና ዳታ ሲያባክን የማየው ስህተት የመሣሪያውን ማንነት ሳያረጋግጡ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ መሣሪያውን እንዲያሠራ የሚያስችለውን ፕሮግራም፣ ማውረድ ነው። ብዙ ሰው ሽፋኑ ላይ የታተመውን ስም ጎግል ላይ ጽፎ ያገኘውን ይጭናል፤ ዊንዶውስ ግን መሣሪያውን የሚያውቀው በውስጡ ያለው ቺፕ በሚሰጠው ቁጥር በመሆኑ፣ የተለያየ ስም የተለጠፈባቸው ገመዶች አንድ ድራይቨር ሊጋሩ፣ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ገመዶች ደግሞ የየራሳቸውን ሊፈልጉ ይችላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ የኮምፒውተሩን መሣሪያዎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ፤ ቢጫ ምልክት ያለበትን መሣሪያ በቀኝ ክሊክ ተጭነው ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎም ዲቴይልስ ውስጥ ይግቡና ሃርድዌር አይዲስ የሚለውን ይምረጡ። የዲሽ ባለሙያዎች ሪሲቨር ላይ ሶፍትዌር ለመጫን የሚጠቀሙበትን፣ ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይረውን ገመድ እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ ከቪአይዲ (የአምራቹ መለያ) ቀጥሎ 0403፣ ከፒአይዲ (የምርቱ መለያ) ቀጥሎ 6001 የሚል ካነበቡ ቺፑ የኤፍቲዲአይ ኩባንያ መሆኑን ያውቃሉ፤ ድራይቨሩንም ከኩባንያው ድረ ገጽ በነፃ ያወርዳሉ።

ቢጫ ምልክት ባዩ ቁጥር ድራይቨር ጎደለ ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ጄኔራል በሚለው ክፍል የሚታየው ኮድ 28 ከሆነ በእርግጥ ድራይቨር አልተጫነም። ኮድ 43 ሆኖ የመሣሪያው መግለጫ ሊነበብ እንዳልቻለ የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ ግን ኮምፒውተሩ የመሣሪያውን ቁጥር እንኳ አላገኘም ማለት ነውና ብዙውን ጊዜ መፍትሔው ገመዱን ወይም የሚሰካበትን የዩኤስቢ ወደብ መቀየር ነው። ስካነር ይዞ የመጣ አንድ ወጣት ሦስት ድራይቨሮችን በተራ ጭኖ አልሳካ ብሎት ነበር፤ ስካነሩን ከሃቡ (አንዱን የዩኤስቢ መሰኪያ ለብዙ ከሚያካፍለው ማከፋፈያ) ነቅለን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ስንሰካው ወዲያው ሠራ። መሣሪያው ጨርሶ የማይታይ ከሆነም ገመዱን ይጠርጥሩ፤ መደበኛ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ኃይል የሚያደርሱ ሁለት ሽቦዎችና መረጃ የሚያመላልሱ ሁለት ሽቦዎች ሲኖሩት፣ ለቻርጅ ብቻ በተሠራው ውስጥ የመረጃዎቹ የሉም።

የጎደለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አገኛለሁ የሚሉ፣ ምንጫቸው የማይታወቅ ፕሮግራሞችን መጫን አደገኛ ነው፤ ድራይቨር በሲስተሙ ውስጥ ከፍተኛ ሥልጣን ስለሚያገኝ፣ ከማይታመን እጅ የመጣ ድራይቨር ኮምፒውተሩን በሙሉ ለጉዳት ያጋልጣል። እነዚህን ከመፈለግ በፊት ዊንዶውስ 11 ላይ በዊንዶውስ አፕዴት፣ በአድቫንስድ ኦፕሽንስ ሥር ያለውን ኦፕሽናል አፕዴትስ ይመልከቱ፤ የሚፈልጉት ድራይቨር እዚያ ተቀምጦ የእርስዎን ፈቃድ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ፕሪንተርን በተመለከተ መመሪያው ሶፍትዌሩን አስቀድመው እንዲጭኑ ካዘዘ ገመዱን ቀድመው አይሰኩ።

ድራይቨር ያጣው የዋይፋይ አዳፕተሩ ራሱ ሲሆን ደግሞ ብዙዎች ኢንተርኔት የለም ብለው ኮምፒውተሩን ተሸክመው ወደ ጥገና ይሄዳሉ። አንድሮይድ ስልክዎን በዳታ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተው ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን ያብሩ፤ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ድራይቨር ሳይጠይቅ በስልኩ ኢንተርኔት ይጠቀማል፤ የአዳፕተሩንም ድራይቨር በዚያው ያወርዱታል።