ናፍጣ ሞተር የተገጠመለት የጦር ካሚዮን ለምን ይጠፋ ነበር?

ከተማሪዎቼ ጋር የቤንዚን ሞተሩን አውጥተን በናፍጣ ሞተር የተካንለት አሮጌ የጦር ካሚዮን ይነሳና ጥቂት ሠርቶ ይጠፋ ነበር። የነዳጅ መዝጊያው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ነዳጅ የሚያሳልፈውና ሲቋረጥበት የሚዘጋው ቫልቭ፣ የመኪናውን 24 ቮልት ሳይቋረጥ እንደሚያገኝ ለክተን ስላረጋገጥን ኤሌክትሪኩን ከጥርጣሬ አወጣነው። ተማሪዎቹ ጥፋቱን ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ በሚልከው ኢንጀክሽን ፓምፕ ላይ ለማላከክ ቸኩለው ነበር፤ ውድ ዕቃ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጠረጠራል። ከፊልትሮው በፊት ውስጡ የሚታይ ቱቦ ስናስገባ ግን አረፋ እየተከታተለ ሲያልፍ አየን፤ ከናፍጣው ጋር አየር ሲገባ ሞተሩ ነዳጅ አጥቶ ይጠፋል። መንስኤው ለቤንዚን ተዘርግቶ የነበረው ቱቦ መጋጠሚያ ነበር፤ ከፓምፑ በፊት ያለው መሥመር በመምጠጥ ስለሚሠራ፣ የላላ መጋጠሚያ ናፍጣ ወደ ውጭ ሳያንጠባጥብ አየር ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላልና ወለሉ ላይ ጠብታ መፈለግ ብቻውን አይበቃም። ቱቦውን ናፍጣ በሚቋቋም ቀየርን፤ ትርፍ ናፍጣ የሚመለስበትን፣ የጎደለውን የመመለሻ መሥመርም እስከ ነዳጅ ጋኑ ዘረጋን። ከዚያም የፊልትሮውን ማስተንፈሻ (አየር ማስወጫ) ቡሎን አላልተን፣ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወጣ በእጅ ፓምፑ ገፋን። ሞተሩ አሁን ሳይቆራረጥ ይሠራል።