የሞዴል ባቡር ጠረጴዛችሁ ከተወዛወዘ እግሩን አታወፍሩ

ጠረጴዛውን በክርን ነካ ስታደርጉት ፉርጎው ከሐዲድ የሚወጣባችሁ ከሆነ፣ ወፍራም እንጨት መግዛት አያስፈልጋችሁም። በቀጭን ሞራሌ ሰያፍ ድጋፍ ምቱበት። ከእግሩ ታችኛው ክፍል ተነስቶ ወደ ላይኛው ፍሬም ይውጣ፤ 45 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። በጠረጴዛው ርዝመት በኩል ብቻ ሳይሆን በወርዱም አስገቡ፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

አራት ማዕዘን ጎኖቹ ሳይረዝሙ ሳያጥሩ ሊዘም ይችላል። ሰያፉ የሚፈጥረው ሦስት ማዕዘን ግን አንዱ ጎን ካልተሰበረ ወይም መጋጠሚያው ካልላላ ቅርጹን አይለቅም።

ለምን ይህን ያህል ይጨነቃል እንዳትሉ። የኛ የድሬዳዋ የድሮው ባቡር ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው። በ1፡87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሳችሁ) ስትሠሩት 12 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። መጋጠሚያው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ በትልቁ ሐዲድ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደ መዛነፍ ነው!

በምስማር ሳይሆን በቪቴና በኮላ እሰሩት፣ ምስማር ሲነቀነቅ ይላላል። ከማጥበቃችሁ በፊት የፍሬሙን ሁለት ሰያፎች ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ፤ እኩል ከሆኑ ቀጥ ብሏል። ከዚያ ሻይ የሞላ ብርጭቆ ላዩ ላይ አስቀምጡና ጥጉን በጉልበት ገፋ አድርጉት። ካልፈሰሰ ሐዲዱን ዘርጉ።

እርጥብ እንጨት ግን አደራ! በድሬ ሙቀት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቪቴውም ይላላል። መጀመሪያ ጥላ ስር አድርቁት። ጠረጴዛውን ፈታታችሁ የምታጓጉዙ ከሆነ ደግሞ ኮላውን ተዉትና በብሎን እሰሩ።